ልክ ሳይወሰድ ቀሚስ አይሰፋም

(በጥቅምት ወር ደብረ ብርሃን ላይ ለተሰበሰቡ እናቶች፣ እህቶችና የጤና ባለሙያዎች የተናገርኩት ነው። "ጽሑፉን ላኪልን" ያላችሁኝ ብዙ ናችሁ። ከተቀዳው ድምፅ ገልብጬ እንዳለ አስቀምጬዋለሁ። የደጋገምኩትንም አልነካሁትም፤ ስናገር እንደዚያው ነኝ።)

እንደምን አደራችሁ?

አልሰማሁም። እንደምን አደራችሁ!

እግዚአብሔር ይመስገን። አሁን ሰማሁ። ብርዱ አፋችሁን የዘጋው መስሎኝ ነበር።

"በጥቅምት አንድ አጥንት" ያለው ሰው ደብረ ብርሃን ላይ ቆሞ ነው ያለው ብል የሚከራከረኝ የለም። አዲስ አበባ መኖር ከጀመርኩ ወዲህ ይህን ቁር ረስቼው ነበር። ዛሬ ጠዋት መናኸሪያ ስወርድ ጥርሴ ተንገጫገጨ። አንዲት እናት አዩኝና "ምነው ልጄ፣ ጋቢ እንኳ ሳትይዢ?" አሉኝ። የራሳቸውን አውልቀው ደረቡልኝ። ወዴት እንደምሄድ ስነግራቸው "እኔም እዚያው ነኝ" አሉ። ይኸው ሁለተኛው ረድፍ ላይ ተቀምጠዋል። ጋቢያቸው ግን እኔ ላይ ነው። እማማ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ስጨርስ እመልሳለሁ። ካልረሳሁ! (ሳቅ)

ነርስ ነኝ። ተወልጄ ያደግኩት መንዝ ነው። በግ ጠብቄያለሁ፣ ኩበት ለቅሜያለሁ፣ የበግ ጠጉር ፈትያለሁ። ሥራም የጀመርኩት እዚሁ ሰሜን ሸዋ ውስጥ ነው። አሁን የምሠራው የካንሰር ሕሙማን የሚታከሙበት ክፍል ነው።

ዛሬ የምናገረው በወጣት ሴቶች ላይ ስለሚመጣ የጡት ካንሰር ነው። ሦስት ነገር ይዤ መጥቻለሁ። አንደኛው "ገና ልጅ ነሽ" ስለምትባለው ቃል ነው። ሁለተኛው የጡት ካንሰር አንድ በሽታ አለመሆኑ ነው። ሦስተኛው ደግሞ ሕክምናውን ከሴቲቱ ኑሮ ጋር ስለማስማማት ነው። በመሀል ከመንገድ እወጣለሁ። የመንዝ ሰው ወሬ ሲጀምር እንዴት እንደሆነ ታውቃላችሁ፤ ታገሱኝ።

አንደኛው። "ገና ልጅ ነሽ።"

የዛሬ አሥራ ስምንት ዓመት ግድም ነው። አዲስ ተመራቂ ሆኜ አንድ ጤና ጣቢያ ተመድቤያለሁ። ቀኑ የገበያ ቀን ነው። የገበያ ቀን ጤና ጣቢያ ምን እንደሚመስል ለእናንተ አልነግርም። ሰዉ ዶሮውን በአንድ እጁ፣ ካርዱን በሌላው ይዞ ነው የሚገባው። አንዲት ልጅ ገባች። ሃያ ስድስት ዓመቷ ነው። የስምንት ወር ሕፃን አዝላለች። "ዶክተር፣ ጡቴ ውስጥ የሆነች ነገር አለች" አለችኝ። እኛ አገር ነጭ ከለበስሽ ዶክተር ነሽ፤ ነርስ ብትሆኚ ማን ይጠይቅሻል።

"ያምሻል?" አልኳት።

"አያመኝም። ግን አለች።"

ዳሰስኳት። ባቄላ የምታህል ነገር ጣቴ ላይ መጣች። ጠንካራ ናት። አትንሸራተትም። እኔ ምን አልኳት? "ገና ልጅ ነሽ። ወተት ቋጥሮ ነው። በሞቀ ጨርቅ እሺው፤ ሕፃኑን ቶሎ ቶሎ አጥቢው።" አለቀ። ሁለት ደቂቃ አልፈጀብኝም። ውጭ ሰልፉ ረጅም ነበር።

ልጅቷ ደስ አላት። የነጠላዋን ጫፍ ፈታች። የገብስ ቆሎ ቋጥራ ይዛ ነበር። ጠረጴዛዬ ላይ አፈሰሰችልኝ። "እግዜር ይስጥሽ" ብላ ወጣች። ቆሎውን በላሁት። እሱን እየቆረጠምኩ ነው ቀኑን ሙሉ ሥራዬን የሠራሁት።

በሰባተኛው ወር ተመለሰች። ባቄላዋ ሎሚ አክላለች። ቆዳው እንደ ብርቱካን ልጣጭ ሆኗል። የጡቷ ጫፍ ወደ ውስጥ ገብቷል። ብብቷ ሥር ሌላ እብጠት አለ። ሪፈር ጻፍኩላት። እጄ ሲንቀጠቀጥ አይታ "ዶክተር፣ አሞሻል?" አለችኝ። ዓመት አልሞላትም፤ ዐረፈች።

ይህን ታሪክ ብዙ ቦታ ተናግሬዋለሁ። በተናገርኩት ቁጥር አንድ ሰው መጥቶ "ያኔ ምን መሣሪያ ነበረሽና ነው? አትፍረጂ በራስሽ" ይለኛል። እውነት ነው፣ አልትራሳውንድ አልነበረኝም። ግን "ከሁለት ሳምንት በኋላ ተመለሺ" ለማለት ምን መሣሪያ ያስፈልጋል? ምላስ ነበረኝ። እሱን አልተጠቀምኩበትም።

እስቲ ልጠይቃችሁ። የጡት ካንሰር የማን በሽታ ይመስላችኋል? የአሮጊት? ካነበባችሁ እንደዚያ ሊመስላችሁ ይችላል። መጽሐፎቹ የተጻፉት ሌላ አገር ነውና። አሜሪካ ውስጥ የጡት ካንሰር ከተገኘባቸው ሴቶች ግማሾቹ ከ62 ዓመት በላይ ናቸው። ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል በታከሙ ሴቶች ላይ የተሠራውን ጥናት ስታዩ ግን መሀለኛው ዕድሜ በ40ዎቹ መጀመሪያ ላይ ነው። ሃያ ዓመት ገደማ ልዩነት! አንዱ ምክንያት ቀላል ነው፤ ሕዝባችን ወጣት ነው። ዕድሜ ሲጨምር በሽታው ይጨምራል፤ ይህ እኛም ጋ አይቀየርም። ግን ከመቶ ሴት ብዙዋ ወጣት የሆነችበት አገር ውስጥ፣ የምናያት ታማሚም ወጣት ትሆናለች። ሐኪሞች "ወጣት" የሚሉት ከ40 ዓመት በታች ያለችውን ነው። እኔ በምሠራበት ክፍል እንዲህ ያለችዋ ብርቅ አይደለችም። ጡት እያጠባች የመጣች አለች። ነፍሰ ጡር ሆና የመጣች አለች። የሠርግ ቀን ቆርጣ የመጣች አለች።

አሁን ደግሞ እንዳትደነግጡ። ተጠንቀቁ ስል ተሸበሩ ማለቴ አይደለም። ወጣት ሴት ጡት ላይ የሚገኝ እብጠት አብዛኛው ካንሰር አይደለም። ከጣት ሥር ሸርተት የምትል፣ ምንም የማታደርግ እብጠት አለች። ውሃ የቋጠረ አለ። ወተት የቋጠረም አለ፤ ያኔ የተናገርኩት በሽታ የሌለ ነገር አይደለም። ችግሩ ምንድነው? እጅ ብቻውን መለየት አይችልም። የእኔም እጅ፣ የአያታችሁም እጅ፣ የፕሮፌሰርም እጅ አይችልም።

"እሺ ማሞግራፊ እንነሳ" ትሉ ይሆናል፤ የጡት ራጅ ማለት ነው። ቆይ። ጣርማ በርን በክረምት ያለፋችሁ እጃችሁን አንሱ እስቲ። ሁላችሁም! ጉሙ ሲወርድ ከፊት ያለው መኪና አይታይም፣ አይደል? አሁን እዚያ ጉም ውስጥ ነጭ በግ ጠፋችብኝ እንበል። እንዴት አድርጌ ነው የማገኛት? የወጣት ሴት ጡት ጥቅጥቅ ያለ ነው። ማሞግራፊ ላይ ነጭ ሆኖ ይታያል። ዕጢውም ነጭ ሆኖ ይታያል። ነጭ በነጭ ላይ። ስለዚህ ከ40 በታች ላለች ሴት ብዙ ጊዜ በአልትራሳውንድ ነው የሚጀመረው። አልትራሳውንድ ጨረር የለውም። ለነፍሰ ጡርም ለምታጠባም ይሆናል። ከዚያ አጠራጣሪ ከሆነ በመርፌ ናሙና ይወሰዳል። "መርፌ ከነካው ይዛመታል" የምትሉ አላችሁ፤ አውቃለሁ፣ ከፊት የተቀመጡት እናት ራሳቸውን እየነቀነቁ ነው። እናቴ፣ አይዛመትም። ሳይነካ ሲቀር ነው ሲዛመት ያየሁት።

ታዲያ ምን እናድርግ? ጡታችሁን እወቁት። የወር አበባችሁ ካለፈ ከጥቂት ቀን በኋላ፣ ገላችሁን ስትታጠቡ፣ በጣታችሁ ሆድ ዳስሱት። የማታውቁት አዲስ እብጠት፣ የቆዳ መሰርጎድ፣ በፊት ወጥቶ የነበረ የጡት ጫፍ ወደ ውስጥ መግባት፣ ደም ያለበት ፈሳሽ፣ አንዱ ጡት ብቻ መለወጥ። ከነዚህ አንዱ ሁለት ሳምንት ከቆየ፣ ሂዱ። የምታጠቡ ከሆነ ደግሞ "ጡቴ ተመታ" ተብሎ መድኃኒት ተሰጥቷችሁ፣ መድኃኒቱን ጨርሳችሁ ካልጠፋ፣ ተመለሱ። ሌላ ዙር መድኃኒት ብቻ ይዛችሁ አትውጡ። "አልትራሳውንድ ይታዘዝልኝ" በሉ።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 አንድ ልክ አስቀምጧል። አንዲት ሴት ችግር አለብኝ ብላ ከመጣችበት ቀን ጀምሮ በ60 ቀን ውስጥ ምን እንደሆነ ሊነገራት ይገባል ይላል። 60 ቀን! የእኔዋ ልጅ ሰባት ወር ነው የጠበቀችው። ቁጠሩት።

ወደ ሁለተኛው ልሂድ።

ይህን ጋቢ ተመልከቱልኝ። የማን ነው? የእማማ ነው። እኔ ላይ ሆነ? ሆነ። አንተ ወንድሜ፣ ብሰጥህ ይሆንሃል? ይሆንሃል። ጋቢ ለሁሉም ይሆናል። ቀሚስ ግን እንደዚያ ነው? ሰፊ ጋ ስትሄዱ መጀመሪያ ምን ይያዛል? ሜትሩ! ትከሻ፣ ወገብ፣ ቁመት ይለካል። ከዚያ ነው መቀስ የሚነሳው። ለረጅም ጊዜ ለጡት ካንሰር የምንሰጠው ሕክምና እንደ ጋቢ ነበር። ለሁሏም አንድ ዓይነት። ጡቱን ቆርጦ ማውጣት፣ ከዚያ ኬሞ የሚባለው የካንሰር መድኃኒት፣ ከዚያ "በርቺ" ማለት። አሁን ቀሚስ እየሆነ ነው። ልክ ሳይወሰድ ግን ቀሚስ አይሰፋም።

ልኩ ምንድነው? ናሙናው ላይ የሚጠየቁ ሦስት ጥያቄዎች አሉ። ዕጢው ኢስትሮጅን የሚባለውን ሆርሞን የሚቀበልበት በር አለው ወይ? ፕሮጀስትሮን የሚባለውን የሚቀበልበትስ? ኸር-2 የሚባለው ፕሮቲን በዝቶበታል ወይ? ወረቀቱ ላይ ኢ-አር፣ ፒ-አር፣ ኸር-2 ተብለው ይጻፋሉ። ፖዘቲቭ ወይም ኔጋቲቭ ይባላሉ። ሦስቱን ብቻ ያዙልኝ። ኢ-አር፣ ፒ-አር፣ ኸር-2። እስቲ አብረን፤ ኢ-አር፣ ፒ-አር፣ ኸር-2። ጎበዞች። እዚህ ያላችሁ ነርሶችም ብላችኋል አይደል? አንዳንዶቻችሁ ከንፈራችሁ ሲንቀሳቀስ አላየሁም።

ለምን ያስፈልጋል? የሆርሞን በር ያለው ከሆነ ታሞክሲፈን የሚባል ክኒን አለ። አሜሪካ ውስጥ ለጡት ካንሰር የተፈቀደው እ.ኤ.አ. በ1977 ነው። አሮጌ መድኃኒት ነው፣ ከካንሰር መድኃኒቶች ሁሉ ርካሽ ከሚባሉት አንዱ ነው፣ ብዙ ሕይወት ያተረፈ ነው። በቀን አንድ ጊዜ ይዋጣል። አምስት ዓመት፣ አንዳንዴም እስከ አሥር ዓመት። ኸር-2 የበዛበት ከሆነ ደግሞ ትራስቱዙማብ የሚባል አለ። እ.ኤ.አ. በ1998 ነው አሜሪካ ውስጥ የተፈቀደው፤ በ2015 የዓለም ጤና ድርጅት መሠረታዊ ከሚላቸው መድኃኒቶች ዝርዝር ገባ። ዋጋው ግን ከብዙ ቤት አቅም በላይ ነው፤ እዚህ ላይ አላታልላችሁም። ሦስቱም ኔጋቲቭ ከሆኑ ዋናው መሣሪያ ኬሞ ነው። ለዚህች ሴት ታሞክሲፈን ብትሰጧት ክኒኑን ለውሃ ነው የሰጣችሁት። የመጀመሪያዋን ደግሞ ያለ ታሞክሲፈን ብትሰዷት በሩን ከፍታችሁ ለሌባ ትታችሁታል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ደስ ይለኛል። "የጥቁር ሴት ካንሰር ሦስቱም ኔጋቲቭ ነው" የሚባል ወሬ አለ። ምዕራብ አፍሪካና ጥቁር አሜሪካውያን ላይ ከተሠሩ ጥናቶች የመጣ ነው። እዚያ እውነትም ይበዛል። ጥቁር አንበሳ ላይ ሲለካ ግን ከሦስት ሴት ሁለቷ ገደማ ኢ-አር ፖዘቲቭ ሆና ተገኘች። አያችሁ? ለጎረቤት የተለካ ቀሚስ ነበር ሊያለብሱን የነበረው። ከሦስት ሁለቷ በዚያች ርካሽ ክኒን ልትጠቀም ትችላለች ማለት ነው። ሳይለካ ማን ያውቅ ነበር?

አሁን ስለ ሃይላንድ ልንገራችሁ። ከመንገድ ወጣሁ፤ እመለሳለሁ።

አንድ ባል የሚስቱን ናሙና ይዞ አዲስ አበባ መጣ። እዚህ ስሙን የማልጠራው ቦታ ቀዶ ሕክምና ተሠርቶላት፣ የወጣው ዕጢ "ወስደህ አስመርምር" ተብሎ ተሰጥቶታል። በሃይላንድ ጠርሙስ ነው የያዘው። ውስጡ ያለው ውሃ ነው። አውቶቡስ ውስጥ ጭኑ ላይ አቅፎ ነው የመጣው። እንዳይፈስ ክዳኑን በፌስታል አስሮታል። በጥንቃቄ! ሲሰጠን ሽታው ነገረን። ናሙና ፎርማሊን በሚባል ፈሳሽ ውስጥ ነው መግባት ያለበት፤ ወዲያው፣ በአንድ ሰዓት ውስጥ። አለዚያ ይበሰብሳል። በርካሽ ፎርማሊን እጦት ነው ሦስቱም ጥያቄ ያለ መልስ የቀረው። ሰውየው "እኔ ነኝ ያበላሸሁት?" አለ። አይደለህም አልነው። አላመነንም።

ስለዚህ ባለሙያዎች፣ ለእናንተ ነው፤ ፎርማሊን። የሰዓቱም ነገር፣ ጠርሙሱ ላይ ቀዶ ሕክምናው ስንት ሰዓት እንደተሠራ ጻፉበት። ቤተሰብ፣ ለእናንተ ደግሞ፤ ጠርሙሱን ከመቀበላችሁ በፊት "ይህ ፎርማሊን ነው ወይ?" በሉ። ይቆጡ ይሆናል። ይቆጡ።

ከልኩ ጋር የሚሄድ ሌላ ነገር አለ፤ ዘር። ከጡት ካንሰር አብዛኛው በዘር የሚመጣ አይደለም። ከመቶ 5 እስከ 10 የሚሆነው ግን ነው። በተለይ ሴቲቱ ወጣት ስትሆን ይህ ጥያቄ ይከብዳል። ሜሪ-ክሌር ኪንግ የምትባል አሜሪካዊት ሳይንቲስት እ.ኤ.አ. በ1990 በሽታውን በዘር የሚያወርደው አንዱ ዘረ መል ያለበትን ቦታ አሳየች፤ ብራካ 1 የሚባለው ነው። ቀጥሎ ብራካ 2 ተገኘ። የዘር ምርመራው እኛ ጋ እንደ ደም ግፊት በየቦታው የሚለካ አይደለም። ግን እኛ ሌላ ነገር አለን። ምን አለን?

ሰባት ቤት መቁጠር! ልጃችሁን ለመዳር ስትሉ ምን ታደርጋላችሁ? አያት፣ ቅድመ አያት እያላችሁ እስከ ሰባት ቤት ትቆጥራላችሁ። ሽማግሌ ትጠራላችሁ። የአውሮፓ ሐኪም ታማሚውን ስለ አያቱ ሲጠይቀው "አላውቅም" ይለዋል። የእኛ ሰው ቅድመ አያቱ ማንን አግብቶ የት እንደሞተ ይነግራችኋል። ታዲያ ለጋብቻ የምንቆጥረውን ለበሽታ ለምን አንቆጥርም? "አክስቴ በምን ሞተች?" ብላችሁ ጠይቁ። "በነቀርሳ" ይሉ ይሆናል። "ጡቷ ቆስሎ" ይሉ ይሆናል። በስንት ዓመቷ? በአባትም ወገን ጠይቁ። ብዙ ሰው የእናቱን ወገን ብቻ ይቆጥራል፤ ይህ ዘር ግን በአባትም ይመጣል። ሁለት ሦስት ሰው በዚህ በሽታ በወጣትነቱ ከሞተባችሁ ለሐኪሙ ንገሩት። ነጻ ነው፣ መሣሪያ አይፈልግም።

ወንዶች፣ ለእናንተም ይመጣል። ከመቶ የጡት ካንሰር አንድ ቢሆን ነው፤ ግን አለ። አትሳቁ።

ሦስተኛው። ሰዓቴ ስንት ነው? ... እሺ፣ አለኝ።

ልክ መውሰድ የዕጢውን ብቻ ነው ወይ? እኔ እንደሚመስለኝ ትልቁ ስህተታችን እዚህ ነው። የዕጢውን ሦስት ጥያቄ የመለሰ ሐኪም እንኳ ሴቲቱን አንድም ጥያቄ ሳይጠይቅ ይሸኛታል።

አንዲት አስተማሪ ነበረች። ሠላሳ አንድ ዓመቷ ነው። ኢ-አር ፖዘቲቭ። ቀዶ ሕክምናውን ጨረሰች፣ ኬሞውን ጨረሰች፣ ታሞክሲፈን ተጀመረላት። "አምስት ዓመት ትውጫለሽ" ተባለች። እሺ አለች። በዓመት ከመንፈቋ ቀጠሮ ቀረች። ደወልኩላት። "ክኒኑን ትቼዋለሁ" አለችኝ። ለምን? ልጅ የላትም። ታሞክሲፈን እየወሰዱ ማርገዝ አይቻልም፤ ፅንሱን ይጎዳል። አምስት ዓመት ስትቆጥር ሠላሳ ስድስት መጣ። አማቷ በየእሁዱ ይጠይቃሉ። ለማንም ሳትናገር ተወችው። "ለምን አልነገርሽንም?" አልኳት። ምን አለች መሰላችሁ? "ማን ጠየቀኝ?"

ማን ጠየቀኝ። ይህቺን መልስ መኝታዬ ላይ ሆኜ እሰማታለሁ።

የሚያናድደው መንገድ ነበረ። እ.ኤ.አ. በ2023 ውጤቱ የወጣ አንድ ጥናት አለ። 516 ሴቶች፣ ሁሉም 42 ዓመትና ከዚያ በታች፣ የሆርሞን በር ያለው ካንሰር የነበረባቸው። ከ18 እስከ 30 ወር መድኃኒቱን ወሰዱ። ከዚያ በሐኪም ምክር አቋርጠው እስከ ሁለት ዓመት ድረስ ለማርገዝ ሞከሩ። ከዚያ ወደ መድኃኒታቸው እንዲመለሱ ነው። በሦስት ዓመት ገደማ ሲታዩ ካንሰሩ የተመለሰባቸው ካላቋረጡት ሴቶች አልበለጡም። ረጅሙ ጊዜ ገና እየታየ ነው፤ ለሁሏም ሴት ይሆናል ማለትም አይደለም። በሽታዋ በምን ደረጃ ላይ እንደነበረ ይወስነዋል። ግን ወሬው አለ። ሊወራላት ይገባ ነበር። ቁጭ ብለን አወራን፤ ክኒኑን መልሳ ጀመረች፣ ከሐኪሟ ጋር ቀን ቆጠሩ። ከዚያ በኋላ ያለው የእሷ ጉዳይ ነው፤ አልነግራችሁም።

ኬሞም ከመጀመሩ በፊት "ልጅ መውለድ ታስቢያለሽ ወይ?" መባል አለበት። ኬሞ የወር አበባን ሊያቆም ይችላል፤ አንዳንዴ ለጊዜው፣ አንዳንዴ ለሁሌው። በኬሞው ወቅት ኦቫሪን፣ የሴቲቱን የእንቁላል ማኅደር፣ የሚያሳርፍ መርፌ አለ። ከተጀመረ በኋላ መጠየቅ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው።

ነፍሰ ጡር ሆና ካንሰር የተገኘባትስ? "ወይ ልጁ ወይ እናቲቱ" ይባላል። ሁልጊዜ እንደዚያ አይደለም። ቀዶ ሕክምና ይቻላል። ከመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት በኋላ የሚሰጡ የኬሞ ዓይነቶች አሉ። ጨረርና ታሞክሲፈን ግን እስክትወልድ ይቆያሉ።

መንገድም ልክ ነው። ይህን መጽሐፍ ላይ አታገኙትም። ጡቷ ሙሉ በሙሉ ሳይቆረጥ ዕጢው ብቻ ወጥቶላት መዳን የምትችል ሴት አለች። ወጣት ሴት ይህን ብትመርጥ ማን ይፈርድባታል? ግን ከዚያ በኋላ ጨረር የግድ ነው። ጨረር ለብዙ ዓመት በመላ አገሪቱ ጥቁር አንበሳ ብቻ ነበር፤ አሁን ቁጥሩ ጨምሯል፣ ወረፋው ግን ወረፋ ነው። አምስት ሳምንት ሊፈጅ ይችላል፤ በአጭሩ ዘዴ 15 ጊዜ፣ ሦስት ሳምንት። የመሐል ሜዳ ሴት መጀመሪያ እዚህ ትደርሳለች፤ ከዚህ አዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ነው። የት ታድራለች? ልጆቿን ማን ያበላል? አጨዳ ከሆነስ? ዘመድ ያላትና የሌላት አንድ ዓይነት ምርጫ የላቸውም። ይህን ያልጠየቀ ሐኪም ግማሽ ልክ ነው የወሰደው።

ጾምም እንደዚሁ። "ክኒኑ ጾም ያስፈታኛል" ብላ በሁዳዴ 55 ቀን ያቋረጠች አውቃለሁ። ታሞክሲፈን የግድ ጠዋት ይዋጥ የሚል የለም። ማታ ከምግብ በኋላ፣ ሁልጊዜ በተመሳሳይ ሰዓት ውሰጂው። አለቀ። አንድ ዓረፍተ ነገር ነው፤ የሚነግራት ጠፍቶ ነው።

ጸበልም ስትሉኝ ነበር ስገባ። እኔም ጻድቃኔ ማርያም እሄዳለሁ። ሸንኮራ ዮሐንስም ሄጃለሁ። አቡነ ጳውሎስ ነፍሳቸውን ይማርና፣ ለኤች አይ ቪ ሕሙማን ጸበሉንም መድኃኒቱንም ውሰዱ ብለው ነበር። እኔ የምላችሁ ይህን ነው። መጀመሪያ ናሙናውን ስጡ። የናሙናው ውጤት እስኪመጣ መጠበቅ አለ፤ ያኔ ሄዳችሁ ተጠመቁ። ውጤቱ ሲደርስ ግን ተመለሱ። ሱባኤው ቀጠሮውን አይብላው።

ጥያቄ ካላችሁ...

(አንድ ወጣት "እኔ ባል ነኝ፣ ምን ልያዝ?" ብሎ ጠየቀ።)

እግዜር ይባርክህ። ፌስታል ያዝ! አልቀለድኩም። ወረቀቶቹን ሁሉ በአንድ ፌስታል አድርግ፤ የናሙናውን ውጤት፣ የአልትራሳውንዱን፣ የቀዶ ሕክምናውን ማጠቃለያ። ሆስፒታል ስትቀያይሩ ዋናውን አትስጡ፣ ፎቶ ኮፒ ስጡ። ኢ-አር፣ ፒ-አር፣ ኸር-2 የተጻፈበትን በስልክህ ፎቶ አንሳው። ጤና መድናችሁ መታደሱን እይ። ጸጉሯ ሲረግፍ ደግሞ "ያበቅላል" ብቻ አትበላት፤ እውነት ነው ያበቅላል፣ ግን ቀድመህ ሻሽ ግዛላት።

እንግዲህ በስተግራ መጋረጃ አለ። ሁለት ነርሶች እዚያ ናቸው። መመርመር የምትፈልጉ ግቡ፤ አትጋፉ። አመሰግናለሁ።

(ከዚህ በኋላ ያለው በመድረክ ላይ የተባለ አይደለም። የምጽፈው ፈቅደውልኝ ነው።)

ከመድረኩ ወርጄ ጋቢውን ላወልቅ ስል እማማ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አሉ።

"ልጄ፣ እኔ ለራሴ አይደለም የመጣሁት። የልጄ ልጅ ናት። ሃያ አራት ዓመቷ ነው። አፍራ አልገባም ብላኛለች።"

"የት ናት?"

"ከበሩ ውጭ። ከጠዋት ጀምራ ቆማለች።"

ጋቢውን እጃቸው ላይ አደረግኩላቸው። ይዘውት ወጡ።